67 ሳምንት አንደኛ?

ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ስክሪፕት አርማለሁ። ከፕሮግራሞቻችን አንዱ የታወቁ ዘፈኖችንና መዝሙሮችን ታሪክ ይተርካል። ከውጭ ሲታይ ቀላል ሥራ ይመስላል። ሁለት ሦስት መስመር ታወራለህ፣ ዘፈኑን ትለቃለህ፣ አለቀ።

አንድ ቀን ቀረጻ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለው የእንግሊዝኛ መዝሙር ስክሪፕት ደረሰኝ። የጻፈችው ጎበዝ ልጅ ናት፤ ታሪኩም ልብ ይሰቅላል። ጆን ኒውተን የሚባል የባሪያ መርከብ ካፒቴን ማዕበል ይመታዋል። በዚያው ሌሊት ንስሐ ይገባል፣ ንግዱን እርግፍ አድርጎ ይተዋል፣ መዝሙሩን ይጽፋል። ከዘመናት በኋላ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ጁዲ ኮሊንስ ስትዘፍነው እንግሊዝ ውስጥ በዘፈኖች የሽያጭ ሰንጠረዥ 67 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ይቆያል።

የድምፅ ባለሙያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሰሙና ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ አምስተኛ ነው እኮ የወጣው» አሏት። አቅራቢው ስልኩን አወጣ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አንደኛ ወጥቷል። አምስት ሳምንት። ይኸው፣ ይዩት» አላቸው። አለቃችን በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

ስናጣራ ማንም ቁጥር አልፈጠረም። የኮሊንስ ቅጂ የወጣው በ1970 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እየወጣ እየገባ በእንግሊዝ የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ ላይ በድምሩ 67 ሳምንት ቆይቷል። ከፍተኛ ደረጃው ግን 5ኛ ነው። አንደኛ የወጣው ሮያል ስኮትስ ድራጉን ጋርድስ የተባለው የወታደሮች ባንድ ባግፓይፕ በሚባለው ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ የተጫወተው ነው። በ1972 አምስት ሳምንት ማንም አልነቀነቀውም። ያው ቅጂ አሜሪካ ሲሻገር 11ኛ ላይ ቆመ። ልጅቷ ሰንጠረዥ ውስጥ መቆየትና አንደኛ ሆኖ መቆየት ተምታቶባት ነው።

ቁጥሩስ በቀላሉ ተስተካከለ። ያስቸገረን ማዕበሉ ነው።

ኒውተንን ማዕበሉ የመታው በ1748 ነው። ያኔ ገና ካፒቴን እንኳ አልነበረም። ካፒቴን የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው እንደ ዕቃ ጭኖ መጓዙን እስከ 1754 ቀጠለ፤ ያቆመውም ጤናው ስለታወከ ነው። መዝሙሩን ያዘጋጀው ቄስ ሆኖ፣ ለ1773 የአዲስ ዓመት ስብከት ነው። የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ ጽሑፍ ያሳተመው ደግሞ በ1788። ከማዕበሉ 40 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ዜማውማ የባሰ ነው። ዛሬ የምናንጎራጉረው ዜማ ከግጥሙ ጋር ተጋብቶ የታተመው በ1835፣ አሜሪካዊው ዊልያም ዎከር ባዘጋጀው የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ኒውተን የሞተው በ1807።

አለቃችን «የማዕበሉ ይሻላል፣ ሰው የሚወደው እሱን ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ሰው ይወደዋል። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። በአንድ ሌሊት ስለተለወጠ ሰው ስንቴ ሰምተናል። ንስሐ ገብቻለሁ እያለ ባሪያ ሲጭን የከረመ ሰው ግን እንቅልፍ ይነሳል። መዝሙሩንም ያን አውቆ የሚሰማው ሰው በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው። ጋሼ «እኛው ካላረምነው አድማጭ ደውሎ ያርመናል» ሲሉ አለቃው ለሰለሰ። ልጅቷ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ እንደገና ጻፈችው። ቀረጻው ዘገየ፣ ከኛ ቀጥሎ ስቱዲዮ የያዙት ሰዎች አኮረፉ። ያኩርፉ።

ከዚያ ወዲህ ስክሪፕት አናት ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅጂ ለየብቻ ከነዓመታቸው ይሰፍራሉ። ደረጃ ከተጠቀሰ የማን ቅጂ፣ የየትኛው አገር ሰንጠረዥ፣ ስንተኛ፣ ስንት ሳምንት ተብሎ ይለያል። «ኦ ሃፒ ዴይ» በዚህ ወንፊት ሳይጉላላ አለፈ። መነሻው የፊሊፕ ዶድሪጅ የ18ኛው ክፍለ ዘመን መዝሙር፣ የኤድዊን ሆኪንስ መዘምራን ቅጂ በ1969 አሜሪካ 4ኛ፣ እንግሊዝ 2ኛ።

የእንግሊዞቹ ባንድ ቢትልስ ሲመጡ ግን ወንፊቱ ራሱ ተደፈነ። በ1963 እንግሊዝ ውስጥ ሰንጠረዥ የሚያወጣው አንድ መጽሔት ብቻ አልነበረም። «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ» በኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ 1ኛ፣ በሬከርድ ሪቴይለር 2ኛ ነው። ዛሬ ይፋ ተደርጎ የሚወሰደው ሁለተኛው ስለሆነ፣ በ2000 በወጣው አንደኛ የወጡ ዘፈኖቻቸው ስብስብ ውስጥ ይህ ዘፈን የለም። ጋሼ «አንደኛ ነው፣ በቃ!» ብለው ሙጭጭ አሉ።

«በየትኛው ሰንጠረዥ ጋሼ?» አለቻቸው ልጅቷ።

ሁለቱንም አነበብናቸው።