አበበ በሶውን እንዴት ነው የበላው?

ነሐሴ 12፣ ማታ

ዛሬ ደብሮኛል። ለምን እንዳትሉኝ። ነሐሴ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ያጠብኩት ጂንስ ከተሰጣ አራተኛ ቀኑ ነው፣ አሁንም እርጥብ ነው። ከሥራ ገብቼ ካልሲዬን እንኳን ሳላወልቅ አልጋው ላይ እንደተዘረርኩ በሩ ተንኳኳ። መንኳኳት አይባልም እንጂ። ደረጃው በሙሉ ዱላ በዱላ ሆነ። ለካ የቡሄ ዋዜማ ነው።

አምስት ልጆች ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ሆያ ሆዬ ጨፈሩልኝ። የኮንዶሚኒየም ኮሪደር እንደሚያስተጋባ ታውቃላችሁ፣ አምስቱ ሃምሳ መሰሉኝ። መርቀውኝ ሲጨርሱ ሃምሳ ብር ሰጠሁ። አለቃቸው ብሩን በመብራት አገላብጦ አይቶ ኪሱ ከተተ። ትንሹ ግን አልሄደም። ከራሱ የሚረዝም ዱላ ይዞ ቀና ብሎ አየኝና፣

«ሙልሙልስ?» አለኝ።

ትልቁ በክርኑ ጎሸም አደረገው። «እሷ ከየት ታምጣ!»

እንግዲህ ይኼን የሚል ልጅ ቢበዛ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ከየት አውቆኝ ነው? ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ ወጥ ቤቴን አይቶ መሆን አለበት።

በሩን ዘግቼ እኔም ወጥ ቤቴን አየሁት። ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ግማሽ ጎመን አለ። ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ የምበላው እሱኑ ነው፤ ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ሽሮ፣ ረቡዕ ለለውጥ ያህል የሽሮ ፍርፍር። ሙልሙል ልጋግር ብልስ? ሊጡ እስኪነሳ ልጆቹ አግብተው ይወልዳሉ። እማዬ ከዋዜማው በፊት ነበር የምታቦካው። ድብልብሉን ሊጥ ሞላላ አድርጋ በኮባ ጠቅልላ ምጣድ ላይ ትደረድረዋለች፤ ኮባው ጫፍ ጫፉ ማረር ሲጀምር የሚወጣው ሽታ እስከ ዋናው መንገድ ይደርሳል። ጨፋሪዎቹ ቤታችንን በሽታው ነበር የሚያገኙት።

ከመደርደሪያው ጥግ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አገኘሁ። በሶ! እማዬ ከፋሲካ በኋላ የላከችልኝ። ደብረ ብርሃን ሆነሽ ሌላ ምን ትልኪያለሽ፤ ያለው ገብስና ብርድ ነው፣ ብርዱን ደግሞ እዚህም አላጣሁትም። ክዳኑን ስከፍተው ያ የተቆላ ገብስ ሽታ ፊቴን መታኝ። ጦም ውዬ ነበር። አላወላወልኩም።

በሶ መጨበጥ ቀላል ይመስላል። ሁለት እፍኝ ዱቄት፣ ጨው፣ ለዓይን ያህል በርበሬ፣ ጾም ስለሆነ በቅቤ ፈንታ ዘይት። ከዚያ ውሃ ጠብ፣ ጠብ። እኔ ጠብ አላደረግኩም፣ ደፋሁት። ቀጠነ። ዱቄት ጨመርኩ፣ ደረቀ። ውሃ ጨመርኩ፣ ቀጠነ። በዚህ አካሄድ ብቻዬን ለምኖር ሰው የአምስት ሰው በሶ ሠራሁ። (አምስት! ልጆቹን አሁን ነው ያስታወስኩት። ዱላቸው እንኳን አይሰማም።)

ጭብጦ የሚያምረው ሲጨበጥ ነው። በመዳፍ ጥርቅም አድርጎ ሲይዙት አራት ጣት ይታተምበታል። ትምህርት ቤት አንኮበር ሽርሽር የወሰዱን ጊዜ እማዬ ሦስት ጭብጦ በፌስታል ቋጥራልኝ ነበር። ሌሎቹ ብስኩትና ለስላሳ ይዘዋል። አፍሬ ቦርሳዬ ሥር ቀበርኩት። ስንመለስ መሸ፣ ብስኩቱ አለቀ፣ አውቶቡሱ ጭቃ ያዘው። በጨለማ ፌስታሉን ስፈታ ግን ሁሉም አፍንጫ ወደ እኔ ዞረ። የደረሰኝ አንዱ ጫፍ ነው፣ የእማዬ ትንሿ ጣት የታተመችበት።

እና ቁጭ ብዬ የራሴን ስገምጥ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። አበበ በሶ በላ።

ሁላችንም በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው ማንበብ የለመድነው። ግን አበበ በሶውን እንዴት ነው የበላው?

አትሳቁ። አስቡት። በውሃ በጥብጦት ቢሆን «ጠጣ» ይባል ነበር፤ ጁስ ቤት በስኳር መትተው በብርጭቆ እንደሚሰጡን። ዱቄቱን እንዳለ አፉ ውስጥ ቢጨምረው ደግሞ «ቃመ» ነው። ትግራይ ቢሆን ጥህሎ ሆኖ በእንጨት እየተወጋ ወጥ ይነከር ነበር፤ ያኔ ግን ስሙም ጥህሎ ነው። ስለዚህ ጭብጦ ነው። ጭብጦ ከሆነ ማን ጨበጠለት? ራሱ? አበበ? አይመስለኝም። በሶ ደግሞ ስንቅ ነው። እሳት አይፈልግ፣ ቶሎ አይበላሽ፣ ወንዝ ሲገኝ በእፍኝ ውሃ የሚታሽ የመንገደኛ ምግብ ነው። ታዲያ አበበ ወዴት እየሄደ ነበር? መጽሐፉ አይናገርም። በልቶ ብቻ ቀረ። ጫላም አጠገቡ ቆሞ ጩቤ ጨብጧል። ጩቤ ከሚጨብጥ ጭኮ ቢጨብጥ ምን ነበረበት? በ«ጨ» ከሆነ ያው በ«ጨ» ነው፣ ያውም በቅቤ የታሸ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እማዬ ጋ ደወልኩ። እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል ብዬ።

«እማዬ፣ አበበ በሶ የሚበላው በቅቤ ነው በዘይት?»

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አበበ ማነው?»

«አይ፣ ያ መጽሐፍ ላይ ያለው…»

«መጽሐፍ ያነባል? ጎሽ። የየት አገር ልጅ ነው?»

«እማዬ፣ ልጅ አይደለም…»

«ይሁና። ትልቅ ሰው ይሻላል። ይጾማል?»

እዚህ ላይ ኔትወርኩ ጠፋ። መልሼ ሞከርኩ፣ አልሠራም። ነገ አስረዳታለሁ ብዬ ተኛሁ።

አሁን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። ታናሼ ደወለችና ቀሰቀሰችኝ። እማዬ ከመሸ ምጣድ ጥዳ ገብስ እየቆላች ነው አለችኝ፤ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። «ለእንቁጣጣሽ ይዛው ትምጣ፣ ለጾሙም ለፍስኩም የሚሆን በሶ አዘጋጃለሁ» ብላለች። የሠፈር ሴቶችም ሳይሰሙ አልቀሩም።

እንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አበበን ከየት ላምጣ?