ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው፦ የ1966 ቮልሴን እንዴት እንዳደስኳት

አሮጌ መኪና ገዝቶ ማደስ ያማረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለም ነው። የት ይቀባል? ስንት ያስወጣል? የትኛው ቀለም ያምርባታል? የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቀለሙን ተወውና ወለሉን አሳየኝ። ይህን የምለው እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች ባለ 1300 ሲሲ ቮልስ ከሥር እስከ ጣሪያ ካደስኩ በኋላ ነው። ዛሬም በእጄ እየጠገንኩ አዲስ አበባ ውስጥ እነዳታለሁ። መኪና የሚታደሰው ሊነዳ ነው ብዬ አምናለሁና የሥራዬ ቅደም ተከተል በሙሉ ከዚህ እምነት የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የሚሸከማት፣ ቀጥሎ የሚያቆማት፣ ከዚያ የሚያስኬዳት፣ በመጨረሻ የሚያስጌጣት።

ለጀማሪ ከቮልስ የተሻለ አሮጌ መኪና አላውቅም። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለ፣ የሚፈላ ውኃ የለ። ጀርመን ውስጥ ጣሪያዋ የማይታጠፈውን ዓይነት ማምረት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1978 ቢሆንም በሜክሲኮዋ ፑዌብላ ከተማ እስከ 2003 ድረስ ስትሠራ ቆይታለች፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። መለዋወጫዋ እስካሁን ያልጠፋው ለዚህ ነው። ለእኛ ደግሞ ታሪክም አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ያን ዘመን የኖሩ አባቶች መንገድ ዳር ሳቆማት ቀርበው ሳያጫውቱኝ አያልፉም።

ስትገዙ ከሁሉ በፊት ሊብሬውን ያዙና ቁጥሮቹን አመሳክሩ። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ በወለሉ መሐል በሚያልፈው ዋሻ ላይ ተመትቷል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው ሥር ይገኛል። ባለፉት ዓመታት ሞተር የተለወጠላቸው ቮልሶች ብዙ ናቸው። ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ግን ቦሎ ለማውጣት ስትሄዱ ጣጣው የእናንተ ነው።

ከዚያ የኋላውን ወንበር አንሡት። ባትሪው በቀኝ በኩል እዚያ ተቀምጧል። ከባትሪው የሚተነውና የሚፈሰው አሲድ ከሥሩ ያለውን ላሜራ ለዓመታት ሲበላ ይኖራል። የእኔዋ ምንጣፏ ሲነሣ ወለሉ ደህና ይመስል ነበር፤ ጥቁር ሬንጅ ተቀብቷል። በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካ ግን ሬንጁ ብቻውን ቆሞ ከሥሩ ብረት የሚባል ነገር አልነበረም። ቅርፊቱ በእጅ እየተላጠ ወጣና የግቢው አፈር በቀዳዳው ታየ። ሻጮች ዝገትን በሬንጅና በስቱኮ መሸፈን ይወዳሉ። ስለዚህ ትንሽ ማግኔት በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ላይ አይጣበቅም።

ከወለሉም የባሰው ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚያልፈው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የላሜራ ቦይ ነው። የሞተሩን ሙቀት ወደፊት የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ቦዲው ወለሉ ላይ በብሎን የሚታሰረውም በእሱ በኩል ነው። ከበሰበሰ መኪናዋ አከርካሪዋ እንደተጎዳ ሰው ትሆናለች። በያጁ መቁረጫውን ሲያነሣ የሰፈራችን አንጋፋ መካኒክ እጁን ያዙት። «ተው ልጄ፣ መጀመሪያ እሰራት። ሳትታሰር ከቆረጥካት ትጎብጥብሃለች፤ ከዚያ በኋላ በሯን የሚዘጋልህ የለም።» እንዳሉትም በሁለቱም የበር ክፍተቶች ውስጥ ጠንካራ ብረት አግድም ተበየደ። ከዚያ አንዱን ጎን ብቻ ቆርጠን፣ አዲሱን በይደን፣ በሩ እንደ ቀድሞው መግጠሙን አይተን ወደ ሌላው ጎን ተሻገርን። «ጋሼ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ብንቆርጥ አይፈጥንም?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳይመልሱልኝ በሩን ከፍተው ዘጉት። በሩ ያለ ግፊት ገባ።

ቀጥሎ ፍሬን። የእኔ ቮልስ በአራቱም ጎማ ባለ ታምቡር ፍሬን ናት፤ የፍሬን ዘይቱም የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ አብሮ ይከዳል። ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ፣ ዋናውን ፓምፕና በየጎማው ያሉትን ትናንሽ ፓምፖች በአዲስ ተካሁ፤ ለገንዘቤ ካልሳሳሁላቸው ነገሮች ቀዳሚው ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል።

ስለ ቤንዚን ቱቦም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቮልስ በእሳት የምትጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት የደረቀች ቱቦ ምክንያት ነው። ቱቦዋ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር ተነቅላ ቤንዚኑ በጋለ ሞተርና የኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ላይ ሲረጭ አስቡት። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ በውኃ አይጠፋም። ቱቦውን በየጊዜው ለውጡ፣ ጫፎቹን በማሰሪያ አጥብቁ፣ እሳት ማጥፊያውን ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። በእነዚህ ዓመታት በተሠሩ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ከሌሎቹ ያነሰና የሞቀ አየር ይደርሰዋል፤ ቫልቩ የሚቃጠለውም ብዙውን ጊዜ የእሱ ነው። ቫልቭ የማስተካክለው ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ሲያድር ብቻ ነው። የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ሁለቱም ቫልቮቹ ተዘግተው ጫፍ ላይ ሲደርስ እሱን እለካለሁ፤ ከዚያ የሞተሩን መዘውር ወደ ኋላ ግማሽ ዙር ባዞርኩ ቁጥር በተራ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ይመጣል። በቫልቩና በሚገፋው ብረት መሐል ስሱ የብረት መለኪያ ሲገባ ትንሽ መያዝ አለበት፤ ልል ከሆነ ቫልቩ ይንኳኳል፣ ከጠበቀ ግን በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። የሚንኳኳ ቫልቭ ቢያንስ ድምፅ አለው። የጠበቀው ዝም ብሎ ነው የሚያልቀው።

ከዚህ ጋር የተያያዘውና መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ያላገኘሁት የከፍታችን ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈላት ሞተርም 30 ገደማ ብታወጣ ነው። ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን ማፍሰሱን የሚቀጥለው ለጀርመን አየር በተመጠነለት ልክ ነው። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሽታው ያፍናል፣ ቤንዚን ይባክናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ካርቡራተሩ ሞቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የነሐስ ጅግለር መለወጥ ነው። ካርቡራተሩ ሳይወርድ፣ ከጎኑ ያለውን መዝጊያ ብሎን ፈትቶ በልኳ በሆነ ካቻቢቴ ትወጣለች። ከ125 ቁጥር ወደ 120 ስወርድ ካንዴላው ቡኒ ሆነ፤ ዳገት ላይም ትንፋሿ ተመለሰ።

ቆላ ስትወርዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ በትንሿ ጅግለር የሚገባው ቤንዚን ያንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ሲግል ቀድሞ የሚጎዳው ያው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱን ከመጀመሬ በፊት ቆሜ የድሮዋን እመልሳለሁ።

ዕቃ የማገኘው ከአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ ከሱማሌ ተራ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ ማንም ያልፈለገው የጀርመን ዕቃ በክምር መሐል ይገኛል። የጠፋውን የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ሲመጣ በሻንጣው ያመጣልኛል። አሮጌውን ዕቃ ሳትይዙ ገበያ አትውጡ፤ የቮልስ ዕቃ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ቃል ብቻውን አይበቃም። ነባሩንም ቶሎ አትጣሉ። የጸዳና የታደሰ የመጀመሪያው ካርቡራተር ርካሽ ከሆነው አዲስ ምትክ ሲበልጥ ደጋግሜ አይቻለሁ።

መብራቷ በ6 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ወደ 12 ቀይራት የሚለኝ ብዙ ነው። አልቀየርኳትም። በ6 ቮልት ለዚያው ጉልበት እጥፍ ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ መሄድ አለበት፤ ስለዚህ ትንሽ ዝገት እንኳ መብራቱን ያደበዝዘዋል። ከባትሪው ወደ ቦዲው የሚሄደው ማሰሪያና የሞተሪኖው ገመድ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቀው ሲጠብቁ ሞተሩ በደንብ ይነሣል። ከባዱ ነገር ባትሪ ማግኘቱ ነው።

ቀለሙ? የቤንዚን ታንከሩ ሲወርድ ከሥሩ ፀሐይ ያላየው የመጀመሪያው ሰማያዊ ቀለም ተገኘ፤ በእሱ ናሙና ተቀባች። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን የሚቀረው ጥገና ነው። የሞተር ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ከወንፊት በቀር ማጣሪያ የላትም። ፋብሪካው በየ5,000 ኪሎ ሜትር ለውጡ ቢልም በእኛ አቧራ 3,000 ላይ ብትለውጡት ይሻላል፤ ወንፊቱንም በነጭ ጋዝ እጠቡት። የዲናሞው ቺንጊያ ማራገቢያውንም ስለሚያዞር ከተበጠሰ ወዲያውኑ ሞተር ማጥፋት ግዴታ ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት፤ የሚስተካከለው በዲናሞው መዘውር ሁለት ግማሾች መሐል ያሉትን ሮንዴላዎች በመቀነስና በመጨመር ነው። ክረምት ሳይገባ ከበሮቹ ሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ እከፍታለሁ፤ በአዲሱ ቦይ ውስጥም ጸረ ዝገት ሰም እረጫለሁ። ከከተማ ስወጣ ትርፍ ቺንጊያ፣ በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መቆራረጫ ፑንቲና፣ የፍሪሲዮን ገመድና አንድ ሜትር የቤንዚን ቱቦ ከእኔ አይለይም። 21 ቁጥር ቁልፍም አትርሱ፤ ያለ እሱ ቺንጊያው መንገድ ላይ አይለወጥም።