ጥቁሯ ሊንከን

አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ባቲላሜራ፣ የተጎዳ የመኪና አካል ቀጥቅጦ አስተካካይ፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቨርጂኒያ መጥቼ አሮጌ መኪና የሚያድስ ጋራዥ ስቀጠር፣ ቆርቆሮ የትም ቢሄዱ ቆርቆሮ ነው የሚል እምነት ነበረኝ።

የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ እ.ኤ.አ. የ1959 ካዲላክ ነበረች። ርዝመቷ 5 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። ከኋላዋ ሁለት ክንፎች ሽቅብ ተስለው ቆመዋል፤ በየክንፉ ላይ ጥይት የሚመስሉ ጥንድ ቀይ መብራቶች አሉ። የክንፉ ነገር የመጣው ከአውሮፕላን ነው። ካዲላክን የሚሠራው የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን አለቃ ሃርሊ ኧርል ፒ-38 የሚባለውን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ባለመንታ ጭራ አይቶ ተማረከበት። በ1948 ካዲላክ ላይ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ታየ፤ ከዚያ እያደገ ሄዶ በ59 ጣሪያ ነካ። ጦርነቱ ያለፈለት፣ ጄት ገና ብርቅ የሆነበት ዘመን ነው። ያ ደስታ መኪናዋ ላይ አለ። እኔ ዛሬም ሳያት ልቤ ይሞቃል።

የተጎዳው የኋላ ፓራፋንጎዋ፣ ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ፣ ነበር። ቀጠቀጥኩ፣ ጉድጓዱን የሚሞላ ስቱኮ አለበስኩ፣ ቀለም ቀባሁ። ባለቤቱ ደስ ብሎት እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ።

በሳምንቱ የ1961 ሊንከን ኮንቲኔንታል ገባች። ጥቁር ናት። ከካዲላኳ የሁለት ዓመት ታናሽ ብትሆንም የሌላ ዘመን መኪና ነው የምትመስለው። ክንፍ የላትም። ጎኗ ከፊት እስከ ኋላ ልሙጥ ነው፤ የላይኛውን ጠርዝ ይዞ አንድ ቀጭን የሚያብለጨልጭ መስመር ብቻ ይሄዳል። የኋላ በሮቿ ማጠፊያቸው ከኋላ ስለሆነ ከፊቶቹ ጋር ፊት ለፊት ይከፈታሉ። ከ1960ው ሞዴል 38 ሴንቲ ያህል ታጥራለች። መኪና በርዝመቱ በሚከበርበት አገር ይሄ ትልቅ ድፍረት ነው። ሊንከን የፎርድ ኩባንያ መኪና ናት፤ የፎርዱ ዲዛይነር ኤልውድ ኤንግል ግን መጀመሪያ የነደፋት ተንደርበርድ ለሚባለው ሌላ የፎርድ መኪና ነበር። በኋላ የኬኔዲ መከላከያ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ማክናማራ ያኔ ፎርድ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሲያያት ሊንከን ትሁን አለ።

የተመታው የፊት በሯ ነው። በሁለት ቀን ጨረስኩት። በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ለስላሳ ነው።

«ጋሼ፣ አለቀች» አልኳቸው። ጋሼ የምንላቸው የጋራዡ አንጋፋ ያገሬ ሰው ናቸው።

እሳቸው አልዳሰሱም። ከፊት መብራቷ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎኗን ቃኙ።

«ና እስቲ፣ እዚህ ጋ ሆነህ እይ።»

የጣሪያው ፍሎረሰንት ጥቁሩ ቀለም ላይ ተጋድሟል። ፓራፋንጎው ላይ እንደ ክር ቀጥ ብሏል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ነፋስ እንደነካው ውሃ ይርገበገባል።

«ካዲላኳ ክሮም አላት፣ እጥፋት አላት፣ ሸፍናልህ ነው» አሉኝ። «ይቺ በምን ትሸፍንህ?»

ፊቴ ጋለ። ባለቤቱ ዓርብ ሊወስዳት ነበር። ራሴ ደውዬ፣ ሥራው ልክ አልመጣም፣ አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና እሺ አለኝ።

ቀለሙን ገፈፍኩ። ቀድሞ ብርጭቆ ወረቀት በሚጠቀለልባት፣ በእጅ በምትያዝ ትንሽ ብሎክ ነበር የፈገፈግኩት፤ ትንሽ ብሎክ ደግሞ ጉድጓዱን ተከትላ ትገባለች። አሁን ክንድ በሚያህል ጣውላ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጠፍኩ። ስቱኮው ላይ ጥቁር ዱቄት ነስንሼ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ በሰያፍ ፈገፈግኩ። ከፍ ያለው ቦታ ቶሎ ይነጣል፣ ዝቅ ያለው ላይ ዱቄቱ ይቀራል። የምትቀረዋ ጥቁር ነጥብ አንዳንዴ ከሳንቲም አትበልጥም። እሷን ለማጥፋት ግን በሩን ሙሉ እንደገና መሄድ ነው። ትከሻዬ እስኪዝል ሦስት ቀን ሠራሁ። ድሮ ሊንከኗን ባዶ ናት ብዬ አልፋት ነበር። ያ ባዶ ጎን ግን የቱን ያህል የታሰበበት መሆኑን ጣውላው ነገረኝ።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ጋሼን አልጠራኋቸውም። ራሳቸው መጡ። ቁጢጥ አሉ። ብርሃኑ ከፊት መብራቷ ተነስቶ፣ ፓራፋንጎውን፣ ሁለቱን በሮች አቋርጦ እስከ ኋላ ፓራውልቷ ሳይነቃነቅ ሄደ።

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና «ደውልለት» አሉኝ።