በር 7 ላይ የተገኘችው ወረቀት

ይህ የገጠመኝ ሐይፋ አካባቢ ባለ አንድ የሕክምና ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። የቀን ፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ዕቃ ይገባል፣ በስካነር ይመዘገባል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ሲታዘዝ ይወርዳል። የፋሲካ ሰሞን ግን ሰው ሁሉ ይዋከባል።

በዚያ ሰሞን አንድ ሙሉ ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ የተጫነበት የእንጨት መደብ፣ ጠፋ። ለሆስፒታል የሚሄድ ውድ ዕቃ ነው። መግባቱ ተመዝግቧል። ረድፍ 14፣ አራተኛው መደርደሪያ ላይ እንዲወጣ ታዟል። መደርደሪያው ላይ መውጣቱን የሚያሳይ ምዝገባ ግን የለም። ሄደን ከታች አንጋጠን አየን። ሌላ ፓሌት ነው የሚታየው። «እዚህ የለም» ብለን ተመለስን። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቷን አገኘኋት። የፓሌቱ መለያ ናት፤ ባርኮዷ ሳይቀር ይነበባል። በመጋዘኑ ሌላኛው ጫፍ፣ በር 7 ሥር ወለሉ ላይ ተለጥፋለች። በር 7 የጭነት መኪኖች የሚወጡበት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ወርቅ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ፎቶ አንስቼ ለአለቃዬ ላክሁለት። ከዚያ ወዲያ ረድፍ 14ን ያነሳ ሰው የለም። ዕቃው በበር 7 ወጥቷል። የቀረው ጥያቄ «ማን አወጣው?» ብቻ ሆነ።

ሌሊት በር 7 ላይ የሚሠራው ደግሞ ከጎንደር ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። ፎርክሊፍት፣ ፓሌት የሚያነሳውን መኪና፣ ያስለመድኩት እኔው ነኝ። ጠየቅነው። «አላየሁም» አለ። ሁለተኛ ጠየቅነው። ዕብራይስጡ ገና ነውና ሲደነግጥ ይንተባተባል፤ መንተባተቡም ተጻፈበት። ጉዳዩ እስኪጣራ ከፎርክሊፍት ወርዶ ማሸጊያ ጠረጴዛ ላይ እንዲሠራ ተወሰነ። ደብዳቤው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ሁለት ሳምንት የበር 7ን ካሜራ ስናገላብጥ ከረምን። ደንበኛ ጋ ስንደውል፣ ሹፌር ስንጠይቅ ከረምን። ምንም የለም።

ቢሮ ውስጥ ሰነድ የሚያስተካክል አንድ ሽማግሌ ነበር። በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ያገለገለ፣ ሲጋራ የማይለየው፣ ነገረኛ ቢጤ ሰው። አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ ስለ ወረቀቷ በኩራት አወራሁለት።

«መቼ አገኘሃት?» አለኝ።

«በሦስተኛው ቀን።»

«እስከዚያ የት ነበረች?»

መልስ አልነበረኝም። እሱም መልስ አልጠበቀም። ስለ ዳካር ያወራኝ ጀመር።

የሴኔጋሏን ከተማ እንዳይመስላችሁ። ዳካር በዕብራይስጥ የዓሣ ስም ነው፤ እዚህ አገር ግን ስሙ ሲጠራ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሰርጓጅ መርከቡን ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሠርተውት፣ በኋላ እስራኤል ገዝታ ያደሰችው ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 1968 ከእንግሊዟ ወደብ ከፖርትስመዝ ተነሣ። በጅብራልታር በኩል አድርጎ፣ 69 ሰው ይዞ፣ ወደ ሐይፋ ጉዞ ጀመረ። ፈጣን ነበር። ከቀኑ ቀደም ብዬ ልግባ ብሎ ጠየቀ፤ ጥቂት ቀን ተፈቀደለት። አንድ ቀን ጨምሩልኝ ሲል ግን የአቀባበሉ ሥነ ሥርዓት ቀን ተቆርጧል ተብሎ ተከለከለ። ሽማግሌው እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ሐይፋ ወደብ ላይ ሊቀበሉ ከተዘጋጁት አንዱ እሱ ነበር።

ጥር 24 ጠዋት መርከቡ ከቀርጤስ ደሴት በስተምሥራቅ ሆኖ ያለበትን ቦታ አስታወቀ። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ፣ ጥር 25 ከ6 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ፣ የመጨረሻውን አጭር መልእክት ላከ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። የብዙ አገር መርከብና አውሮፕላን ባሕሩን አሰሰ። ምንም።

ከዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1969፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጋዛ ውስጥ ኻን ዩኒስ ዳርቻ ላይ አንድ ነገር አገኘ። የዳካር የአደጋ ጊዜ ተንሳፋፊ ምልክት ነበር። ሰርጓጅ መርከብ ሲሰጥም ወደ ላይ የሚለቀቅ፣ በገመድ የታሰረ ነገር ነው። ጫፉ ላይ ቁራጭ ገመድ ቀርቶበታል። ባለሙያዎች መረመሩት። አብዛኛውን ዓመት ከመርከቡ ጋር ታስሮ ቆይቷል፣ መርከቡም ከመንገዱ ከ50 እስከ 70 የባሕር ማይል ወጥቶ፣ ከ150 እስከ 326 ሜትር ጥልቀት ላይ ተኝቷል አሉ። ቁጥሩን እዩልኝ፤ 326። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲሰማ ማን ይጠራጠራል?

እናም ለአሥርት ዓመታት ፍለጋው ወደ ግብፅና ወደ ሲና ዳርቻ አዘነበለ። ወሬውም አብሮ ሄደ። የስድስቱ ቀን ጦርነት ካበቃ ሰባት ወሩ ነበር። ከግብፅ በኩል «እኛ ነን ያሰጠምነው» የሚል ተሰማ። የእስራኤል ባሕር ኃይል አልተቀበለውም፤ ሕዝቡ ግን ያወራል። መርከቡ የሚፈለገው ግብፅ ደጃፍ ላይ ከሆነ ግብፅን መጠርጠር ምን ያስቸግራል?

«የት ተገኘ?» አልኩት።

«መንገዱ ላይ!» አለ ጠረጴዛውን እየመታ። «ይሄድበታል በተባለው መንገድ ላይ!»

በግንቦት 1999 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ከእስራኤል ባሕር ኃይል ጋር ሆኖ፣ ተንሳፋፊውን ምልክት ወደ ጎን ትቶ፣ የመጀመሪያውን መስመር ፈተሸ። ዳካር በቀርጤስና በቆጵሮስ መካከል ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተሰባብሮ ተገኘ። ከመስመሩ አልወጣም ነበር። የጥቃት ምልክት አልታየበትም። ምን እንዳሰጠመው ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ክርክሩም አልሞተም። በ2000 የማማውን ክፍል ከባሕር አወጡት። አሁን ሐይፋ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። በኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ። እዚያ ፊት ቆሞ ስለ መጋዘን ፓሌት ማሰብ ያሳፍራል። አስቤአለሁ ግን።

በማግሥቱ ጠዋት ፎርክሊፍት አስመጣሁና ረድፍ 14 የነበረውን ፓሌት አስወረድኩ። መደርደሪያው ጥልቅ ነው፤ ሁለት ፓሌት ፊትና ኋላ ይይዛል። ይህንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ከኋላ፣ ጨለማው ውስጥ፣ የእኛው ፓሌት ተቀምጧል። ፕላስቲኩ ላይ ወረቀቷ የተላጠችበት ሙጫ ይታያል።

ወረቀቷ እንዴት በር 7 ደረሰች? ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ ሳቀች። ወለል የሚጠርገው ማሽን ብሩሽ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት በየቀኑ ይጣበቃል፤ እስከ በር 7 ይነዳዋል፣ እዚያ ሲዞር ይጥለዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷን የጠየቀ አልነበረም። ፓሌቱን ሳያስመዘግብ ገፍቶ ፊቱን በሌላ የዘጋው ደግሞ የቀን ፈረቃ ሠራተኛ ነው። የእኔ ፈረቃ።

ለአለቃዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ደብዳቤው ተሻረ። ከዚያ ወደ ማሸጊያው ጠረጴዛ ሄድኩ። ልጁ ካርቶን እያጠፈ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ፎርክሊፍቱ ላይ ከነገ ጀምሮ እንደሚመለስ ነገርኩት።

«እሺ ጋሼ» አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። የማሸጊያ ፕላስተሩን ሳበና የሚቀጥለውን ካርቶን መዝጋት ጀመረ።