እስኪነጋ፦ ከድሬዳዋ የገና ሰላምታ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ የእናንተ ያልሆነም እንኳን አብራችሁን አደረሳችሁ። ነገ ዶሮው ባይመለከታችሁም ዳቦው ይመለከታችኋል።

ይህን የምጽፈው ታኅሣሥ 28 አመሻሽ ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ከሰል ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ሹራብ ለብሻለሁ። ለቁልቢ የመጡት የአዲስ አበባ ዘመዶቼ "ይሄም ብርድ ሆኖ ነው?" እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ። ይሳቁ። ዓመቱን ሙሉ በላብ ተጠምቆ የሚከርም ሰው ታኅሣሥ ላይ ሹራብ ቢለብስ ምን ይፈረድበታል?

ምድጃው ላይ ያለው ዶሮ አይደለም። የዶሮው ሽንኩርት ተከትፏል፤ እህቴ አልቅሳበታለች፤ እሱ የእሷ ክፍል ነው። የእኔው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ነገር ነው። ስሙ እስኪነጋ ይባላል። የትም አገር አይጋገርም። ስድስት ዓመት ስጽፈው በኖርኩት ልብወለድ ውስጥ ብቻ ነበር የሚጋገረው። እስከዚህ ወር ድረስ።

ምዕራፎቹን ለቀመሳችሁ አዲስ አይደለም። ላልቀመሳችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ታሪኩ የሚሆነው "ወራጅ" በምትባል ከተማ ነው። (ስሙን ሳወጣ ታክሲ ትዝ አላለኝም። አሁን ጓደኞቼ መንገድ ላይ ባዩኝ ቁጥር "ወራጅ አለ!" ይሉኛል። መጽሐፉ ሳይወጣ ቀልዱ ወጣ።) ወራጅ ያለችው በአሸዋ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። በዓመት አንዴ፣ ጨረቃ ከማትወጣባቸው ሦስት ሌሊቶች በአንዱ፣ ይመጣል። የትኛው ሌሊት እንደሆነ የምታውቀው ተራራው ላይ ያለችው ዘንዶ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ አትናገርም። ስለዚህ ከተማው ሦስቱንም ሌሊት ቁጭ ብሎ ያድራል። ሲመሽ ሊጡን በቅጠል ጠቅልለው ትኩስ አመድ ውስጥ ይቀብሩታል። ሲነጋ ያወጡታል። ግን ሰው ሳይቆጠር ቅጠሉ አይፈታም። ሕጉ ይኸው ነው።

የድሬዳዋን የአሸዋ ወንዝ፣ ደቻቱን፣ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ መንገር አይጠበቅብኝም።

አንድ አሳታሚ ረቂቁን አንብቦ "ጥሩ ነው፤ ግን ምግቡን ቀንሺና ጦርነቱን ጨምሪ" አለኝ። ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼ ሁለት ተጨማሪ የምግብ ገጽ ጻፍኩ። እልህ ነው፣ አልክድም። ግን አቋሜም ነው። ዘንዶ መፍጠር ቀላል ነው፤ ክንፍ ትሰጣታለህ፣ እሳት ታስተፋታለህ፣ አለቀ። ዳቦ ግን ጥያቄ አለው። እህሉ ከየት መጣ? ማን ፈጨው? ውሃው ከየት ተቀዳ? እንጨቱስ? አንድ ዳቦ በቅጡ ስትጋግር ሳታስበው ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ወፍጮ ቤትና የጉድጓድ ጠብ ፈጥረሃል።

እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ የወራጅ ሰዎች ጤፍ እንጀራ ይበሉ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሦስት ገጽ አንብቦ "ከየት ያመጡትን ጤፍ ነው?" አለኝ። ዝም አልኩ። አሸዋ ላይ፣ በዓመት አንዴ ውሃ የሚያይ አገር ላይ ጤፍ ዘርቻለሁ! ከከተማ ወጣ ስትሉ ግራና ቀኝ የሚታየው ማሽላ ነው። ድርቅ የሚችለው እሱ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሚኒባስ መስኮት እያየሁት አልፌ፣ ለፈጠርኳት ከተማ ግን የሌላ አገር እህል ሰጠኋት። ጤፉን ነቅዬ ማሽላ ዘራሁ። ከዚያ በኋላ ሌላው እየተጎተተ መጣ። ለውዙ ከባቢሌ ነው። ተምሩ በበረሃ በኩል ከባሕር ማዶ ይመጣል። ቅጠሉ የሙዝ ነው፤ ኮባ ለማግኘት ወደ ደጋው መውጣት ያስፈልጋል።

የግመል ነጋዴዎቹ ደግሞ ለምን ወራጅ ላይ ቆሙ? ተራራውን መውጣት ስለማይችሉ። ይህን እንኳ አልፈጠርኩትም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ከበደው። ስለዚህ ከተማው እታች ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ ላይ "አዲስ ሐረር" ይሉት ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሌላ 15 ዓመት ወሰደ። በእኔ መጽሐፍ ላይ ነጋዴዎቹን ያቆመቻቸው ዘንዶዋ ናት። ዘንዶዋ ማን እንደሆነች እንግዲህ ገብቷችኋል። ተራራውን ይዛችሁ ወደ ደንገጎ ስትወጡ ጆሯችሁን የምትደፍነው እሷ ናት።

አንድ ነገር ላርም። "የወራጅ ሰዎች የሚጠጡትን ያን የቅጠል ቡና እንዴት አሰብሽው? ምናብሽ ይገርማል" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። አላሰብኩትም። ቁጢ ነው። የቡና ቅጠል ደርቆ፣ ጠበስ ተደርጎ፣ ይፈላል፤ ወተትና ጨው ይገባበታል። ሐረርጌ ውስጥ ፍሬው ይሸጣል፣ ቅጠሉ ይጠጣል። 55 ኪሎ ሜትር ላይ ሐረር አለላችሁ፤ ሂዱና ምናቤን በብርጭቆ ጠጡት።

የሚከብደውን አሁን ልናገር።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ደቻቱ ከላይ ከደጋው ውሃ ይዞ መጣ። ተኝተን ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የውሃ አይመስልም፤ ብዙ የጭነት መኪና አብሮ ኮረት ሲደፋ ነው የሚመስለው። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የእኛ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ግቢያችን በሰው ሞላ። አብዛኛውን አናውቀውም። ራቁቱን የመጣ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተምር በፌስታል ይዘዋል፤ ከቤት ንብረት ሁሉ ለምን ተምሩን እንዳነሱ እሳቸውም አያውቁም። እናቴ የቅዳሜውን ዳቦ አወጣች። አንድ ዳቦ ነው። ቢላዋውን እንደያዘች ቆመችና "ቆይ፣ ስንት ነን?" አለች። ቆጠረች። 31 ነን። 31 ቦታ ቆረሰችው። ለእያንዳንዱ ቁራሽ ሽማግሌው አንድ አንድ ተምር አስቀመጡ። ለሁለት ሰው ተምር አልደረሰም፤ አንዷ እኔ ነኝ። በማግስቱ ፍልሰታ ገባ።

የወራጅን ሕግ ስጽፍ ይህን እያሰብኩ አልነበረም ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነቴን ነው። ዳቦውን ጻፍኩ፣ ተምሩን ጻፍኩ፣ ቆጠራውን ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ማታ ምዕራፉን ለእናቴ ሳነብላት፣ መሐል ላይ ተነስታ ወጥታ ውጪ ቆየች። ያኔ ነው የገባኝ።

ሁለተኛው የተጠየቅኩት ነገር ሥጋውን ነው። በመጽሐፉ ላይኞችና ታችኞች የሚባሉ ሰዎች አሉ። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ያው አሳታሚ "ይሄ ግጭት መጨረሻ ላይ መፈታት አለበት" አለኝ። የምን ግጭት? እኛ ግቢ በዓል በመጣ ቁጥር ድስት ሁለት ነው። የክርስቲያኑን ሥጋ ሙስሊሙ አይበላም፣ የሙስሊሙን ክርስቲያኑ አይበላም። ሠርግ ሲሆን ለጎረቤት በግ ይሰጣል፤ ራሱ ያርዳል፣ በራሱ ድስት ይሠራል፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይበላል። አይበላሉም (በሁለቱም ትርጉሙ)፣ አብረው ግን ይበላሉ። እኔ ልጅ ሆኜ የበዓል ሥራዬ ሳህን ማመላለስ ነበር። በረመዳን ሳምቡሳና ሙሸበክ ወደ እኛ ይመጣል፤ በገና ድፎ ዳቦና ቆሎ ወደ እነሱ ይሄዳል። ባዶ ሳህን አይመለስም። የልጅነት በዓሌን ጣዕም ጠይቁኝ፤ ከሁለቱ ድስት ውጭ ያለውን ነው የምነግራችሁ።

እስኪነጋ ውስጥ ሥጋ የሌለው ለዚህ ነው። ቅቤም ወተትም እንቁላልም የለውም። ጾመኛ ይበላዋል፣ ሙስሊም ይበላዋል፣ ጥርስ የሌለውም ተምሩን ይመጠዋል።

እንግዲህ በወረቀት ላይ እንዲህ የሚያምረው ነገር ምድጃ ላይ ሲወጣ ጉድ አፈላ። የዛሬ ሦስት ሳምንት የመጀመሪያውን ጋገርኩ። ማሽላ ዱቄት፣ ውሃ፣ የተቆላ ለውዝ፣ የተከተፈ ተምር። እንዳነበባችሁት ፍም ውስጥ ቀበርኩት። ሌሊቱን አደረ። ጠዋት ሳወጣው ውጪው ከሰል፣ ውስጡ ሊጥ። ውሻው መጥቶ አሸተተና ሄደ።

ጎረቤታችን እማማ አጥር ላይ ሆና ታየኛለች።

"ምንድነው እሱ አቦ? ጡብ ነው?"

"ምግብ ነው እማማ። ከመጽሐፌ ነው።"

"መጽሐፍሽን የሚያነብ ጥርስ አለው?"

(ሌላ አገር ያላችሁ፣ እማማን "አንቺ" ማለቴ አይግረማችሁ። ድሬ ላይ "እርስዎ" ብላት የተቀየምኳት ነው የሚመስላት።)

ገብታ ቁጭ አለችና ሊጡን በጣቷ ነካችው። "ማሽላ ብቻውን አይያያዝም። ስንዴ አይደለም እኮ፣ አይለጠጥም። ሩቡን ዱቄት በፈላ ውሃ አቡኪው፣ እንደ ገንፎ ይሁን፣ ከዚያ ከቀሪው ጋር አዋህጂው።" ለካ አብሲት ነው! እንጀራ ላይ የማውቀውን ነገር ዳቦ ላይ ሳየው አላወቅኩትም። ትንሽ የስንዴ ዱቄትም አስጨመረችኝ። ተምሩን ደግሞ በየቦታው መበተኑን ከለከለችኝ። "ዳር ያለው ይቃጠላል፣ ስኳር ነው። መሐል ሰብስቢው።"

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፤ መሞከር ለምትፈልጉ። ሦስት ኩባያ ማሽላ፣ አንድ ኩባያ ስንዴ፣ አንድ ኩባያ ተቆልቶ ሸካራ የተወቀጠ ለውዝ፣ አምስት ፍሬ ሄል፣ ጨው። ፍሬው የወጣ ሃያ ተምር ለመሐሉ። እርሾ አልገባበትም፤ ወራጅ ላይ እርሾ የለም። ቅጠሉን በደረቁ አትጠቅልሉበት፣ ይቀደዳል። ነበልባል ላይ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። እሳቱ የነካው ቦታ ላይ ፈዛዛው አረንጓዴ በአንዴ ይጠቁርና ዘይት እንደተቀባ ያብረቀርቃል፤ መስመሩ እጃችሁ ሥር ሲሄድ ታዩታላችሁ። ከዚያ እንደ ጨርቅ ይታጠፍላችኋል። ሽታው ዝናብ የነካው ሣር ነው። ብረት ምጣድ ላይ፣ እንደ ድፎ እሳት ከታችም ከላይም አድርጋችሁ አንድ ሰዓት ያህል። ወደ አመድ የሚገባው በስሎ ካለቀ፣ ፍሙም ከከሰመ በኋላ ነው። አመዱ ሙቀቱን ይዞ ያሳድረዋል።

ምዕራፍ 14ን በዚህ መሠረት ቀየርኩት። በድሮው ረቂቅ የወራጅ ሰዎች ለዘመናት ከሰል ሲበሉ ኖረዋል ማለት ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ሦስተኛውን ሙከራ እማማ ቀመሰችው። ዝም ብላ አላመጠች፣ ሁለተኛ ቆረሰች፣ ሦስተኛውን በነጠላ ጠቅልላ ለልጅ ልጇ ያዘች። አስተያየት አልሰጠችም። ከዚያ በላይ ግምገማ የትም አላገኝም።

ዛሬ ሌሊት እኛ ቅዳሴ እናድራለን። አመዱን ማን ይጠብቀው ብለን ስንጨቃጨቅ እማማ ሰምታ "ሂዱ፣ እኔ አያለሁ፤ ለሱብሂ እነሳ የለ?" አለች። ስለዚህ እስኪነጋን የምትጠብቀው እሷ ናት። ስንመለስ እሷ ግቢ ወስጄ እፈታዋለሁ።

እስካሁን በቆጠርኩት 17 ነን። ከላይ ያለችው ጎረቤታችን ልጇ ሌሊት ከጅቡቲ ይገባል ብላለች። ከገባ 18 ነን። ተምሩን 20 ያደረግሁት ይተርፋል ብዬ ነው፤ እናቴ ግን መጥታ ቆጥራ ሁለት ጨምራበታለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ፍሙ እየከሰመ ነው፤ ልነሳና አመድ ላልብሰው። መልካም ገና።