ወፍራሙን መርጬ ቀጭኑን ያዝኩ

በ1995 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እሸጥ ነበር። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ናቸው። ስልካቸውን የምጽፍበት ደብተር በግሪስ ተለቅልቆ ቁጥሩ አይነበብም። ጅቡቲ የሚመላለሰው የአክስቴ ልጅ ያገለገሉ ሁለት ፓልሞች ይዞ መጣ። «አቦ፣ አንዱን ምረጥ፣ ሌላውን ታይዋን ወስጄ እሸጠዋለሁ» አለኝ። ታይዋን ያለው የድሬን ገበያ ነው።

ፓልም ስልክ አይደለም። አይደውልም። ስልክ ቁጥር፣ ቀጠሮና ማስታወሻ የሚይዝ፣ በብዕር እየነካኩ የሚጽፉበት የኪስ አጀንዳ ነው።

አንደኛው ፓልም ፋይቭ ነበር። ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 115 ግራም፣ የሚይዘው 2 ሜጋባይት። ሌላው ፓልም ስሪ ኤክስ ኢ፣ 8 ሜጋባይት ይይዛል፤ ግን ወፍራምና ከበድ ያለ ነው፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ። አራት እጥፍ የሚይዝ እያለ ትንሹን የሚወስድ ማን ነው? ወፍራሙን ያዝኩ።

የድሬን ሙቀት ረስቼ ነበር። ኮት የለ፣ ጃኬት የለ፤ ያለኝ የስስ ሸሚዝ ኪስ ነው። ዕቃው ኪሴን ወደ ታች ጎትቶ ያንጠለጥለዋል። ሞተር ለማየት ጎንበስ ስል ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሱሪ ኪስ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አያስቀምጥም። በወሩ ማደሪያው መሳቢያ ሆነ። ከዚራ ሰፈር ሾፌር ሲያገኘኝ ቁጥሩን የምጽፈው የሲጋራ ፓኮ ላይ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በተቀመጠበት ሰዓት፣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ስሌት ሠራሁ። ያሉኝ ሰዎች 380 ናቸው። ስም፣ ሁለት ስልክና አጭር ማስታወሻ ቢደመር ለአንድ ሰው 100 ፊደል ቢበዛ ነው። ማስታወሻው የግድ ነበር፤ ሙሐመድ የሚባል ደንበኛ ብዙ ስለሆነ «ነጩ ኢሱዙ»፣ «የደወሌው» እያልኩ በላቲን ፊደል እጽፋለሁ። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው። ጠቅላላው 38,000 ባይት ሆነ። 2 ሜጋባይት ሁለት ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው፤ ከዚያ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም! 8 ሜጋባይት መዝገበ ቃላትና ጌም ለሚጭን ሰው ይሁን።

ቀጭኑ ገና አልተሸጠም ነበር። የአክስቴ ልጅ እየሳቀብኝ ለወጠልኝ። ከዚያ ወዲህ ፓልሙ ከሸሚዜ ኪስ አልወጣም።

ያላሰብኩት ባትሪውን ነው። የፓልም ፋይቭ ባትሪ ውስጡ የታሸገ ነው፣ ማስቀመጫው ላይ ሰክተው ነው የሚሞሉት። የጻፉት ሁሉ ደግሞ የሚኖረው ኃይል እስካለ ብቻ ነው። ወባ ይዞኝ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ባትሪው ቀድሞም ደክሞ ነበርና ተነስቼ ብሰካው፣ ዛሬ ከካርቶን እንደወጣ ዕቃ ስክሪኑን በብዕር እንዳስተካክል ይጠይቀኛል። ባዶ! ወፍራሙም ድንጋዩ ጨርሶ ካለቀ ያው ነው፤ ግን ድንጋይ በየሱቁ አለ፣ አውጥቶ አዲስ እስኪከቱ ድረስም አንድ ደቂቃ ያህል ይታገሳል።

ያዳነኝ የወንድሜ ኮምፒውተር ነው። ከአራት ወር በፊት እዚያ ገልብጬ ነበር። የአራት ወሩ ግን ቀረ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መገልበጥ ልማዴ ሆነ።

በ1998 መስከረም የአገሪቱ ስልክ ቁጥር ተቀየረ። የእኛ 05 ኮድ 025 ሆነ፣ ባለ ስድስቱ አኃዝ ሰባት ሆነ። እያንዳንዱን በብዕር ማስተካከል ነበረብኝ። እግረ መንገዴን ለዓመታት ያልደወልኩላቸውን ሰረዝኩ፤ ከግማሽ በላይ ሄዱ። ሙሐመዶቹን ግን መሰረዝ አልደፈርኩም፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ብቻ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ።