ካሜያማ ተመለሰ!

ዛሬ ቀኑን ሙሉ አይቦ ሲዝን 21 ሳይ ዋልኩ፣ ለማታውቁት በቲቪ አሳሂ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የጃፓን የፖሊስ ድራማ ነው፣ መርማሪውን ኡክዮን ዩታካ ሚዙታኒ ነው የሚሰራው፣ አጋሮቹ ይቀያየራሉ እሱ ግን አለ። እና የመጀመሪያው አጋሩ ካሜያማ በ2008 ወጥቶ በ2022 በዚህ ሲዝን ሲመለስ በቃ እንባዬ መጣ! ሁለቱም ፊታቸው ላይ እድሜ ይታያል፣ ኡክዮ ግን አሁንም ሻዩን ከላይ ከፍ አድርጎ ነው ሲኒው ውስጥ የሚቀዳው፣ አሁንም ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ ጣቱን ቀስሮ "አንድ ነገር ብቻ" ይላል 😭 በመሀል የመጡት አጋሮችም ጎበዞች ናቸው እሺ፣ ግን ካሜያማ ሰው ሲበደል ካየ አያስችለውም፣ ለኡክዮ ጭንቅላት እንደሱ የሚሆን የለም። ብቻ ሲዝን 7ን ሳታዩ እንዳትጀምሩት፣ ሲለያዩ ያላየ ሰው ሲገናኙ ምኑም አይገባውም።